ደስታው እንዳይጥለው

ሸኩዌ ያን ዕለት ጠዋት ወደ ወደቡ ሲመጣ ገና ከሩቁ ሳየው ልቤ ደህና ነገር አልነገረኝም። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ትከሻው ላይ ያችን ሰማያዊ ቦርሳ አንግቷል። በቦርሳዋ ውስጥ አፍንጫው ላይ ጭምብል አድርጎ የሚተኛበት የመተንፈሻ ማሽን አለ፤ ማዶ ፋዛ ደሴት ስለሚያድር ይዞት መሄዱ ነው። ደሴታችን ላሙ ውስጥ ያችን ቦርሳ የማያውቅ የለም። ሥራ ፈቶቹ «የሸኩዌ ሁለተኛ ሚስት» ይሏታል፣ የመጀመሪያዋን ገና ሳያገባ።

«አሁንም አልተኛህም?» አልኩት፣ ከአክስቴ ከሪዚኪ ኋላ ሆኜ ሻሼን እያስተካከልኩ።

«ተኝቻለሁ። ድብን ብዬ ነው የተኛሁት።»

«ታዲያ ፊትህ ምነው?»

«ፊቴ አልተኛማ» አለና ወደ ባሕሩ ዞረ።

ይኸው ነው የሱ ነገር። የብስ ላይ ሲሆን ሳቂታ ነው፤ ዓይኑ ከዓይኔ አይነቀልም። እግሩ ጀልባዋን ሲረግጥ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ግንባሩን ያኮሳትራል፣ እኔን ዘወር ብሎ አያየኝም። ጀልባ ነጂን ናሆዛ እንለዋለን፤ ተሳፋሪውም ሁሉ «ናሆዛ ማለት እንዲህ ነው፤ ሰው ጭኖ የማይቀልድ!» እያለ ያመሰግነዋል። እኔ ግን ሰው ፊት የሚያፍርብኝ እየመሰለኝ ነገሩ በሆዴ ይብላላ ነበር።

ዙለይካ እባላለሁ፤ ከነቢዩ ዘር ነን ከሚሉት ከሸሪፎቹ ወገን፣ የሸሪፍ አቡድ ልጅ ነኝ። የአባቴ አያቶች መርከብ ነበራቸው፤ ዓረብ አገር ድረስ እንጨት ጭነው ይመላለሱ ነበር። ዛሬ ከመርከቦቹ የቀረን በራችን ላይ የተቀረጸው ጌጥና የአባቴ ኩራት ነው። ሸኩዌ ደግሞ የፋዛ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። መንግሥት ፋዛ አስተማሪ አድርጎ በመደበኝ ዓመት በየሳምንቱ የወሰደኝም የመለሰኝም የሱ ጀልባ ነበረች። የሸሪፍ ልጅ ለጀልባ ነጂ! አክስቴ ወሬው መጀመሪያ ጆሮዋ ሲገባ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ኋላ ግን ከማንም በላይ የተሟገተችልን እሷው ሆነች።

በሷ ልመና አባቴ አንድ ቀን ለእራት ጠሩት። ቢሪያኒው ቀረበ፤ አባቴ ስለ አያታቸው መርከብ ማውራት ጀመሩ። ሸኩዌ የጨበጠው ሩዝ እጁ ላይ እንዳለ አንቀላፋ። አባቴ ወሬያቸውን አቁመው ብዙ አዩት። «የአያቴ መርከብ ስንቱን ማዕበል ተሻግራለች፤ ይህን ሰው ግን መቀስቀስ አቃታት» አሉና ተነሥተው ወጡ። እኔ በመጋረጃው ስንጥቅ አይ ነበርና ውርደቱ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ወዲያው ድምፄን ቀድቼ በስልኩ ላክሁለት። «ለትንፋሽህ ማሽን ተገዛልህ፤ ለፍቅርህስ ከወዴት እንግዛልህ?» አልኩት። ሰንብቶ መለሰልኝ፤ «አንቺ አልሰለቸሽኝም ዙለይካ፤ እኔ ነኝ የደከመኝ» የሚል ብቻ ነበር። ደጋግሜ ሰማሁትና አለቀስኩ።

ድካሙ ለማንም ሊገባው አልቻለም። ድሮ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሲተኛ ያንኮራፋል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፣ ውሃ እንደበላው ሰው አየር እየሳበ ብንን ይላል። ሞምባሳ ያሉት ሐኪም «እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽህ ይቆራረጣል» ብለው ማሽኑን አዘዙለት። ማንኮራፋቱ ወዲያው ጠፋ። እናቱ ቤቱ ጸጥ ቢልባት ልጄ ሞተ ብላ ሄዳ ቀሰቀሰችው። ድካሙ ግን የትም አልሄደም። ሐኪሙ ማሽኑ የመዘገበውን አይተው «በጣም ጥሩ! ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ነው» ቢሉት «እሱስ ይሠራል፤ መሥራት ያቃተኝ እኔ ነኝ» አላቸው። መብራት ስለሚጠፋ ነው ተባለ፤ ባትሪ ገዛ። የባሕሩን ሙላት እየጠበቀ ያለ ሰዓቱ ስለሚነሣ ነው ተባለ፤ እረፍት ወሰደ። የሚባል ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወደ ጅኒዋ ዞረ።

የእኛ ሰው፣ ወንድ ልጅ ተኝቶ ካልጠገበ፣ ሲስቅም ጉልበቱ ከከዳው፣ የፍቅር ጅኒ ይዛዋለች ይላል። ሌሊት ሌሊት አጠገቡ ታድራለች። ቀናተኛ ናት፤ ከሰው ጋር ሲደሰት ካየችው ጉልበቱን ትመታዋለች። እኔ የተማርኩ ነኝ ባይ ስለሆንኩ ይህን በሰማሁ ቁጥር እስቅ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ሳቄ ቀረ። የጀልባዋ ረዳት ላሊ፣ ሆዱ ከወገቡ ቀድሞት የሚሄድ ቀልደኛ፣ ከአንዲት ባልቴት ጋር ክርክር ገጥሞ ነበር።

«እናቴ፣ ፍየሏ ዕቃ ናት ወይስ ተሳፋሪ?»

«ምን ለየው ልጄ?»

«ዕቃ ከሆነች እናስራታለን። ተሳፋሪ ከሆነች ደግሞ ሕግ ሕግ ነው፣ ጃኬት ትለብሳለች» አለና ያን ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬት ፍየሏ ላይ አጠለቀላት። ራቅ ብሎም አያት። «እሰይ! ከስንቱ ሙሽራ ትሻላለች!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሸኩዌ ገና ጀልባዋን አልረገጠም፤ ከደረጃው ራስ ላይ ቆሞ ነበርና እሱም ከልቡ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ አገጩ ወደ ታች ወረደ፤ አንገቱ ዘመመ፤ ጉልበቱ እጥፍ አለና አጠገቡ ከነበረ የዱቄት ጆንያ ላይ ዘጭ አለ። ቦርሳዋ ከትከሻው ወርዳ ድንጋዩን መታች።

«መጣችበት!» አለ አንዱ። አክስቴ በከንፈሯ ቁርኣን መቅራት ጀመረች። ማንም ሳያነሣው፣ ብዙም ሳይቆይ፣ በራሱ ብድግ አለ።

«አዳልጦኝ ነው» አለ።

«በደረቅ ድንጋይ?» አለው ላሊ፣ ግን ቀስ ብሎ ነበር። ሸኩዌ ዓይኑ ዓይኔን እንዳያገኘው እየሸሸ ቦርሳውን አነሣ።

ስንሳፈር አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ዝም ብለሽ ስሚኝ። አባትሽ ፋዛ አብረውን የሚሄዱት፣ እንዳሉሽ ለለቅሶ አይደለም። ዛሬ ባሕሩ አፍ ላይ ቃል ሊሰጡ ነው።»

ባሕሩ አፍ ማለት ምካንዳ የሚባለው ጠባብ መተላለፊያ አልቆ ውቅያኖሱ ፊት ለፊት የሚከፈትበት ነው። በእኛ ቤት ከባድ ቃል የሚሰጠው እዚያ ነው። የቁርኣኑ መክፈቻ ፋቲሃ ይቀራበታል፤ እዚያ ላይ የተሰጠ ቃል በየብስ አይመለስም።

«ያ ሁሉ የእራቱ ነገርስ?» አልኳት።

«ባለፈው ክረምት ያ ብርቱ ንፋስ የመጣ ቀን አባትሽ የሱ ጀልባ ላይ ነበሩ። ‹የስንቱን ልጅ በሰላም ያሻገረ ሰው የኔን ልጅ መያዝ አያቅተውም፤ ሰው መሪ ይዞ ነው እንጂ ሩዝ ይዞ አይለካም› ብለውኛል።»

«ልንገረው!»

ቆነጠጠችኝ። «አንቺ ከነገርሽው የአባትሽ ቃል ምኑ ላይ ነው? አፍሽን ያዢ።» አፌን ያዝኩ። ደስታዬ ግን ፊቴ ላይ ሳይታወቅ አይቀርም፤ ያን ያህል ተደስቼ አላውቅም ነበር።

ምካንዳ ውስጥ ስንገባ ሁለቱም ዳር ጨው ውሃ ውስጥ በሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ተዘጋ። ውሃው መጉደል ጀምሮ ነበር፤ ቶሎ ካልወጣን ጭቃ ላይ ተቀምጠን መዋላችን ነው። ላሊ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሞ በረጅም እንጨት ጥልቀቱን እየለካ ይጮኻል። በሱና በእኛ መካከል እስከ ትከሻ የተቆለለ ጭነት፣ ፍራሽ፣ የለስላሳ ሣጥን፣ ሰውና ጃኬት የለበሰች ፍየል አለች። አባቴ ከጭነቱ ወዲህ ምሰሶዋን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ ነኝ። ከኋላዬ ሸኩዌ ቆሞ እንደ ልማዱ መሪውን በቀኝ እግሩ ይዟል። ሞተሩ ስለሚጮህ ከሱና ከኔ በቀር የምንለውን የሚሰማ አልነበረም።

«ሞምባሳ ሄደህ ነበር አሉ» አልኩት ሳልዞር።

«ሄጄ ነበር።»

«እና?»

«አዲስ ሐኪም ነች፣ ልጅ እግር። ማሽኑን አየችና ሁሉም ደህና ነው አለች። ከዚያ የማይረባ የማይረባውን ትጠይቀኝ ጀመር።»

«ምን ብላ?»

 ላሊ ከፊት «ወደ ግራ!» ብሎ ጮኸ፤ ሸኩዌ በእግሩ መሪውን ገፋ።

«‹ስትስቅ ጉልበትህ ይከዳሃል ወይ?› አለችኝ። ‹በጣም ደስ ሲልህስ?›»

ዞር ብዬ አየሁት። እሱ ውሃውን ነው የሚያየው።

«ምን አልካት?»

«አይ፣ በጭራሽ አልኳት።»

«ሸኩዌ! ለምን ዋሸሃት?»

«ምን ልበላት? አዎ ብላት ወሬው ከኔ ቀድሞ ላሙ ይገባ ነበር። ‹የሞምባሳ ሐኪም እንኳ ጅኒዋን አወቀችበት› ይሉ ነበር። ጅኒ ለያዘችው ሰው ልጁን የሚድር ማን አለ? ጀልባስ የሚሰጠው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላም ጠይቃኛለች። ‹እንቅልፍ ሊወስድህ ሲል፣ መንቀሳቀስ እያቃተህ፣ አጠገብህ ሰው የቆመ ይመስልሃል?› አለችኝ። እንዴት አወቀች ዙለይካ? ለእናቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም።»

«ምኑን?»

«በሩ ላይ ትቆማለች። ሴት ናት። ጭምብሉ አፍንጫዬ ላይ ነው፣ ዓይኔ ተገልጧል፣ ጣቴን ማንቀሳቀስ አልችልም። እሷ ዝም ብላ ታየኛለች።»

 እንደ አክስቴ መቅራት አማረኝ። ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ሐኪም በሽታ ሳይኖር እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየት ታመጣለች? ይህቺ ልጅ ሸኩዌን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም፤ በሩ ላይ ስለምትቆመው ሴት ግን ጠየቀችው። እንግዲያው ሸኩዌን የመሰለ ሌላ ሰው አይታለች፣ ወይም ተምራዋለች ማለት ነው። ስም ያለው ነገር ነው። ማሽኑ አንዱን በሽታ ሲያስታግስ ከሥሩ ሌላው ተኝቶ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጀልባ ላይ ለምን አታየኝም?»

«አሁን ይህ ምን አመጣው?»

«መልስልኝ።»

«ሳይሽ ፈገግ ትያለሽ» አለ። ቀጥሎ የተናገረው በግድ እየወጣለት ነበር። «ፈገግ ስትዪ እግሬ መሪውን መያዝ ያቅተዋል።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ትልቅ የፍቅር ቃል ብዬ ለወር እንቅልፍ አጣበት ነበር። ያን ዕለት ግን ቃል በቃል እውነቱን እንደነገረኝ ገባኝ። ስንት ጊዜ ሲወድቅ እንዳየሁት አስታወስኩ። ትምህርት ቤት ተማሪዎቼ የዘፈኑለት ቀን አጥሩ ላይ ተዝለፈለፈ። እወድሃለሁ ያልኩት ቀን ግንቡ ሥር ቁጭ አለ፤ እኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር። ዛሬ በፍየሏ ስቆ ወደቀ። ወንድሙ የሞተ ቀን ግን ቃሬዛውን ተሸክሞ መቃብሩ ድረስ ሄደ፤ ጉልበቱ አልተነቃነቀም። ሐዘን ጥሎት አያውቅም። የሚጥለው ደስታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የደስታው ምክንያት እኔ ነኝ።

ይህን አስቤ ሳልጨርስ ከፊት ለፊት የዛፎቹ ግድግዳ ተከፈተ፤ የውቅያኖሱ ነጭ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ። አባቴ ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

 እኒህ ሰውዬ አሁን ተነሥተው፣ በዓለም ላይ ሸኩዌን ከምንም በላይ የሚያስደስተውን ቃል ሊነግሩት ነው።

«መሪውን ለላሊ ስጠው» አልኩት።

«አብደሻል? እዚህ ላይ? ላሊ ፍራሹን ጥሶ እስኪመጣ ሞገዱ ይገለብጠናል።»

«እንመለስ!»

«ውሃው ጎድሏል። ምን ሆነሻል አንቺ?»

ወደ አክስቴ ተንጠራራሁ። «አባቴን አስቁሚልኝ፤ ፋዛ ይንገሩት፣ እዚህ አይሁን!»

«ጭራሽ! ባሕሩ አፍ ላይ ነው የሚባለው አልኩሽ እኮ» አለችና እጄን ደባበሰችኝ። ሙሽራ የሚይዘው ፍርሃት መስሏታል። አዘንኩላት፤ ለራሴም አዘንኩ።

ከዛፎቹ ጥላ ስንወጣ የደቡቡ ንፋስ ተቀበለን። ሞገዱ ከቀኝ በኩል እየተከታተለ ይመጣል። ሸኩዌ አንዱን በአፍንጫዋ እያስወጣ፣ ሌላውን እያሳለፈ ጀልባዋን ያስኬዳል። ጎኗን አንዴ ከሰጠች አለቀላት። ሕፃን ያቀፉ እናቶች አሉ። ባልቴቷ ፍየሏን አቅፋለች።

አባቴ ምሰሶዋን ይዘው ተነሡ። «ሸኩዌ!» ብለው ተጣሩ። ድምፃቸው ከሞተሩ በላይ ተሰማ።

«አቤት!»

«መንገዱን እያየህ ስማኝ። ሰዎችም ስሙልኝ፤ እጃችሁን አንሡ፣ ፋቲሃ እንቀራለን። እኔ አቡድ፣ እዚህ አባቶቼ ቃል የሰጡበት ቦታ ላይ፣ ይህቺን ልጄን...»

ሰው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። እኔ የማየው ሸኩዌን ብቻ ነው። «ልጄን» የሚለው ጆሮው ሲገባ ፊቱ በራ። ያን ብርሃን ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ጠላሁት። ዓይኖቹ ከበዱ። የታችኛው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና አገጩ መውረድ ጀመረ። እግሩ ከመሪው ላይ ሲንሸራተት አየሁ። የጀልባዋ አፍንጫ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ሞገዱ ጎናችንን መታና ውሃው ጉልበታችን ላይ ተደፋ። ሴቶች ጮኹ።

«አልፈልገውም!» አልኩ።

የማን ድምፅ እንደሆነ ለራሴም ገረመኝ። አባቴ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«ምን አልሽ?»

«አልፈልገውም አልኩ! አይስጡኝ አባቴ። ሲያንቀላፋ ከሚውል፣ ከማሽን ጋር ከሚያድር ሰው ጋር አልኖርም። የሸሪፍ ልጅ ነኝ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ለኔ ምኔ ነው?» ከዚያም ዞር ብዬ ፊት ለፊት እያየሁት የባሰውን ተናገርኩ። «ላንተ ያቺ በሩ ላይ የምትቆመው ትበቃሃለች።»

ጀልባ ላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። ብርሃኑ ከፊቱ ጠፋ። አገጩ ተመለሰ፣ አንገቱ ቀና፣ ጉልበቱ ጸና። እግሩ መሪውን አገኘውና ጀልባዋን በኃይል መለሳት። ቀጣዩን ሞገድ በአፍንጫዋ ተቀበለው፤ ሌላውንም፣ ሌላውንም። እንደዚያ ቀን ጀልባ ሲያስኬድ አይቼው አላውቅም። እንባው እየወረደ ዓይኑን አንድ ጊዜ እንኳ ከባሕሩ አላነሣም።

ፋቲሃው ሳይቀራ ቀረ። ሰው የተዘረጋ እጁን አንድ በአንድ ሰበሰበ። እስከ ፋዛ ድረስ ላሊ እንኳ አልቀለደም። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የገዛ ቃሌ ደረቴ ላይ ተቀምጦ እየከበደኝ፣ ጉልበቱ ይጽና እያልኩ እጸልይ ነበር።

ፋዛ ስንደርስ ውሃው ስለሸሸ ጀልባዋ ከዳር ራቅ ብላ ቆመች፤ ሰው ልብሱን ሰብስቦ በውሃው እየተራመደ ወጣ። አባቴ በአጠገቤ ሲያልፉ አላዩኝም። «ቃሌን ሰው ፊት መልሳ አፌ ውስጥ ከተተችው» አሉ ለአክስቴ። አክስቴም እንደማታውቀኝ ሆና አለፈች።

ሸኩዌ መልሕቁን ጥሎ ከሁሉ ኋላ መጣ። ቦርሳዋን አንግቷል። አሸዋው ላይ መንገዱን ዘጋሁበት።

«ልለፍ» አለኝ።

«ቁጭ በልና ስማኝ።»

«ሰምቻለሁ። ባሕሩም ሰምቷል።»

«ቁጭ በል።»

«ቆሜ እሰማለሁ። ቆሜ ተዋርጄ የለ?»

«ቁጭ በል አልኩህ! ቆመህ የምትሰማው አይደለም።»

ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም፤ አሸዋው ላይ የተደፋች አሮጌ ጀልባ ነበረችና እሷ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ተንበርክኬ ሁለት እጁን ያዝኩ። ሰው ከወዲያ ቆሞ ያየናል። ያላገባች የሸሪፍ ልጅ አደባባይ ላይ የወንድ እጅ ይዛ!

«የተናገርኩት ሁሉ ውሸት ነው» አልኩት። «በጆሮህ የሰማኸው የአባቴ ቃል እውነት ነበር። ሊሰጡኝ ነበር። ላንተ። ሰው እጁን የዘረጋው ለኛ ነበር ሸኩዌ።»

መጀመሪያ አላመነኝም። ከዚያ ገባው። የዓይኑ ዳር ተሰበሰበ፣ ፈገግታው ከከንፈሩ ተነሣ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ አገጩ ወረደ። ጣቶቹ ከጣቶቼ ወጡ። ሰውነቱ ወደ እኔ ተንሸራተተ፤ ተቀብዬ ራሱን ጉልበቴ ላይ አስተኛሁት። የዓይኑ ቆብ ይርገበገባል እንጂ ዓይኖቹ አልተከደኑም።

«መጣችበት! ጅኒዋ መጣችበት!» ሰው ተሯሯጠ። አክስቴም እየቀራች መጣች። ከኋላዋ የአባቴን ከዘራ አየሁ።

አባቴ በላያችን ቆሙ።  «ይህ ሰው ነው መሪ ይዞ ያመጣን?» አሉ።

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ምካንዳ ውስጥ ነው ያወቅሁት። ጅኒ አይደለችም አባቴ፣ በሽታ ነው። ደስታ ነው የሚጥለው። ሐኪሟ ጠርጥራ ጠይቃው ነበር፤ እኛን ፈርቶ ዋሻት። እርስዎ ሊያስደስቱት ነበር። እኔ አሳዘንኩት። ቆሞ እንዲያሻግረን ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።»

አባቴ ዞረው ባሕሩን አዩ፤ ያን አሁን የመጣንበትን፣ ሞገዱ ነጭ ሆኖ የሚሰበርበትን አፍ። ከዚያ እናቶቹን፣ ሕፃናቱን፣ ገና ጃኬቷን ያላወለቀችውን ፍየል አዩ። ላሊ ቆቡን አውልቆ ቆሟል። «ከእንግዲህ መሪውን እኔ እይዛለሁ» አለ በቀስታ። ቀልዱን የለመደ ሁሉ ጠበቀው፤ እሱ ግን መቀለዱ አልነበረም። ሸኩዌ ጀልባውን ሲያጣ፣ እዚያው ጉልበቴ ላይ ሆኖ ሰማ።

አባቴ ከዘራቸውን እየጫኑ ወደ መንደሩ ሄዱ። ቃላቸውን ይዘውት ይሂዱ ጥለውት፣ ከጀርባቸው ማወቅ አልቻልኩም። ዞር ብለውም አላዩኝ።

ሸኩዌ ሁሉን ይሰማ ነበር። መናገር ባይችልም ከዓይኑ ዳር እንባ ወረደ። «ሞምባሳ አብረን እንሄዳለን» አልኩት። «ለዚያች ልጅ አዎ ትላታለህ። ስለ ጉልበትህም፣ ስለ በሩም።» ይህን ስለው እኔው ራሴ ፈራሁ። የሚጣፍጥ ወሬ ይዛ ወደ ባሏ ስትመጣ መጀመሪያ የቆመበትን የምታይ ሴት ልሆን ነው። ደረጃ ላይ ከሆነ ዝም የምትል። እሳት አጠገብ ከሆነ የምትቆጣ። የሠርጋችንስ ቀን፣ ካለን፣ ማን ይደግፈዋል?

ግን አሁን ተኝቷል። ከዚህ በታች የሚወድቅበት የለም። ሰው እያየኝ ጎንበስ አልኩና፣ እስከዛሬ እንዳይስቅብኝ እየፈራሁ ያልነገርኩትን ደስ የሚያሰኝ ነገር ሁሉ፣ አንዱንም ሳላስቀር በጆሮው ነገርኩት።